አረብ ገንዳ ይሸጥ የነበረውን ስስ ለስላሳ ዳቦ የሚጋግር ሰው የሚያውቅ አለ? (ደሴ ወይም ኮምቦልቻ)

ጦሳ_ግርጌ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡40

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ያደግኩት ደሴ አረብ ገንዳ ነው፤ አሁን የምኖረው እዚያው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነው። አንድ ዳቦ ስፈልግ ወር አልፎኛል፣ ፍንጭ ያለው ሰው ቢኖር ብዬ ነው የምጽፈው።

ስሙን በትክክል አላውቀውም፤ እኛ ቤት «የአረብ ዳቦ» ነበር የሚባለው። ክብ ነው፣ ከሰሃን ይሰፋል፣ ከሰፌድ ያንሳል። ስስ ነው ግን እንደ ቂጣ አይሰበርም፤ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። ላዩ እዚህም እዚያም ያብጣል፣ ያበጠው ቦታ ጠቆር ይላል። ዘይት አልነካውም። አንዳንድ ቀን ጥቁር አዝሙድ ይነሰነስበታል። ጀርባው ሻካራ ስለነበር አልፎ አልፎ የአሸዋ ቅንጣት ጥርስ ሥር ይገባል፤ ይህን በደንብ አስታውሳለሁ።

ልጅ ሆኜ ከመግሪብ በፊት አባዬ ይልከኛል። ባለሱቁ ዳቦውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ነው የሚያስቀምጠው፤ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲሰጠኝ ሙቀቱ ደረቴን ያሞቀኝ ነበር። ቤት እስክደርስ የአንዱን ጠርዝ ዙሪያውን ቆርሼ እጨርሰዋለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ የገዛሁት በ1997 ወይም በ1998 ይመስለኛል። የሚጋግሩት ቤተሰቦች ከተማውን ለቀው ሄዱ፣ ሱቁም ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል።

አሁን አባዬ 81 ዓመቱ ነው፤ ጥርሶቹን አስነቅሏል። ድፎ ዳቦ ቅርፊቱ ያስቸግረዋል፣ ሹርባ ደግሞ በእንጀራ አይወድም። ማታ ማታ «ያ ዳቦ ቢኖር» ይላል። ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ከአንድ ሱፐርማርኬት በላስቲክ የታሸገ ስስ ዳቦ ገዝቼ ነበር፤ ሳጥፈው ለሁለት ተሰበረ። ሌላ ቦታ «ዛሬ የገባ ነው» ብለው የሰጡኝ ቤት ስከፍተው ሻግቷል። ዋጋው አይደለም ያናደደኝ፣ ለሽማግሌ ሰው እንደምወስደው ነግሬያቸው ነበር።

ሸዋበር_ነዋሪ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡05

አምባሻ ይሆን እንዴ? ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚሸጡ እናቶች አሉ፣ ትኩስ ከሆነ በጣም ለስላሳ ነው።

ጦሳ_ግርጌ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡11

አመሰግናለሁ፣ ግን አምባሻ አይደለም። አምባሻ ወፈር ይላል፣ ላዩም ላይ በቢላ የተሠራ ጌጥ አለው። ይሄኛው ምንም ጌጥ የለውም፣ በእጅ የተዘረጋ ነው።

ቧንቧ_ውሃ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡30

እህቴ፣ የምትይው ላሁህ ነው። የየመን ሰዎች ይጋግሩታል፤ ሶማሌ፣ ጅቡቲና ድሬዳዋም አለ። እንደ እንጀራ ሊጡ ቀጥኖ ምጣድ ላይ ይፈስሳል፣ አንድ ጎኑ ብቻ ይበስላል፣ ለስላሳ ነው፣ ይታጠፋል። አክስቴ ድሬዳዋ ስትኖር ጠዋት ጠዋት በማርና በቅቤ ታበላን ነበር። ለጥርስ ከዚህ የሚመች ነገር የለም።

ጦሳ_ግርጌ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡44

ላሁህ በልቻለሁ፣ እወደዋለሁም። ግን ላሁህ ዓይን አለው፣ እንደ እንጀራ። ይሄኛው ዓይን የለውም፤ ስትቀደው ውስጡ ሁለት ሽፋን ሆኖ እንፋሎት ይወጣል። ምጣድ ላይ የተጋገረም አይመስለኝም፣ ሁለቱም ጎኑ አንድ ዓይነት አልነበረም።

የሐይቅ_እናት
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡20

ልጆቼ፣ እንዴት አደራችሁ። ይህን ጽሑፍ ልጄ ነው ያነበበልኝ፣ እኔ እየነገርኩት እሱ ይጽፋል።

እኔ እዚያው አረብ ገንዳ ተከራይቼ 9 ዓመት ኖሬያለሁ። የዳቦው ቤት ጓሮ ውስጥ ገብቼ አይቻለሁ። መሬት ላይ የተቀመጠ ትልቅ ጋን የመሰለ ምድጃ ነበር፣ ዙሪያው በጭቃ የተለሰነ፣ አፉ ወደ ላይ ክፍት። እነሱ ተኑር ይሉታል። ውስጡ እንጨት ይነድና ፍሙ ሲቀር፣ ጋጋሪው ሊጡን በሁለት እጁ እያቀባበለ ይዘረጋዋል፣ ከዚያ ከጨርቅ በተሠራ ክብ ትራስ ላይ አድርጎ እጁን እስከ ክርኑ ጋኑ ውስጥ ከትቶ ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል። «አላህ አላህ» እያልን ነበር የምናየው፣ እጁ የሚቃጠል እየመሰለን። ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክትገልጪ ዳቦው ያብጣል፣ በብረት መንጠቆ ያወጣዋል።

ልጄ፣ ያ የአሸዋ ቅንጣት የመጣው ከምድጃው ግድግዳ ነው። ከምጣድ አሸዋ አይመጣም። ምጣድ ላይ አትፈልጊው።

ድሮ እንዲህ ያለ ምድጃ ያላቸው ከአንድ በላይ ነበሩ። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ንግዱም ሲጠብ፣ አረቦቹ ብዙዎቹ ወደ የመን ተመለሱ። እዚህ ተጋብተው የወለዱት ናቸው የቀሩት። አንቺ ያገኘሻቸው የመጨረሻዎቹን ነው።

ጦሳ_ግርጌ
ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡02

እማማ፣ አላህ ይስጥልኝ፤ ዕድሜ ይስጥዎት። ሃያ ዓመት ሙሉ አሸዋው የዱቄቱ ቆሻሻ ይመስለኝ ነበር። ለአባዬ አሁኑኑ ነገርኩት፤ «አዎ፣ ጋን ነበራቸው» አለ። ለካስ ያውቅ ነበር፤ እኔ «የት ይሸጣል» እንጂ «እንዴት ይጋገራል» ብዬ ጠይቄው አላውቅም።

ሚሌ_መስመር
ረቡዕ፣ ቀን 8፡15

ሾፌር ነኝ፣ ከኮምቦልቻ ጅቡቲ እመላለሳለሁ። እማማ የነገሩሽ ምድጃ እስከ ዛሬ ጅቡቲ ከተማ አለ። የየመን ዓሣ ቤቶች ዓሣውን ከጀርባው ለሁለት ሰንጥቀው፣ ቅመም ቀብተው እዚያው ተኑር ውስጥ ይጠብሱታል፤ ዳቦውም ከዚያው ምድጃ ይወጣል። ዳቦው ሲመጣ ከትሪው ጠርዝ ያልፋል፣ በጋዜጣ ላይ ነው የሚያቀርቡልን። ጠርዙ ጠቆር ያለ፣ ጀርባው ሻካራ፤ የጻፍሽው ሁሉ አንድ በአንድ እሱ ነው።

አንዴ ለቤቴ ሰዎች ላመጣ ብዬ 10 ገዛሁ። በጋላፊ ወጥቼ፣ ሎጊያ አድሬ፣ በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ስደርስ ከሳንቃ አይለይም። ስለዚህ ከዚያ ላምጣልሽ አልልሽም፤ ትደክሚበታለሽ። ይህ ዳቦ መንገድ አይችልም።

ከጅዳ
ረቡዕ፣ ማታ 3፡50

የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ ሳዑዲ 11 ዓመት ሆኖኛል። እዚህ ተሚስ የሚሉት ዳቦ አለ፤ አፍጋኖች ናቸው የሚጋግሩት፣ ከግድግዳ ላይ በሚጣበቅበት በዚያው ዓይነት ምድጃ። ጠዋት ሰው ተሰልፎ ይገዛል፣ በፉል ይበላል። ትልቅ ነው፣ የእኛ የደሴው ይቀጥናል፣ ግን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ተኑር ከሌለሽ ቤት ውስጥ የሚሠራበት መንገድ አለ፤ እኔ እመቤቴ ቤት በየሳምንቱ እሠራዋለሁ። 1 ኪሎ የፉርኖ ዱቄት፣ 7 መቶ ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ 10 ግራም ደረቅ እርሾ። አቡክተሽ ኩፍ ሲል ድቡልቡል አድርገሽ ከፋፍይው። ከባድ የብረት መጥበሻ በጣም አግይው፣ አንዱን የዳቦ ጎን በውሃ ቀቢና እርጥቡን ወደ ታች አድርገሽ አጣብቂው። አረፋ ሲያወጣ መጥበሻውን ከነዳቦው ገልብጪና ላዩን ለእሳቱ አሳዪው። ስለተጣበቀ አይወድቅም። ለዚህ የጋዝ ምድጃ ያስፈልጋል፣ ኤሌክትሪክ አይሆንም።

ጦሳ_ግርጌ
ዓርብ፣ ማታ 1፡15

ትናንት ሞከርኩት። አልተሳካም። ከመጥበሻው ጋር አልጣበቅ አለ፣ ስገለብጠው እሳቱ ላይ ወደቀ። የቀሩትን በኤሌክትሪክ ምጣድ፣ አክንባሎ ገጥሜ ጋገርኳቸው፤ ያው ቂጣ ሆኑ። አባዬ ሻይ ውስጥ እየነከረ በላ፣ ምንም አላለኝም። ዝም ማለቱ ነው የከፋኝ።

ዳቦ_ጋጋሪ_ኮምቦልቻ
ዓርብ፣ ማታ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ። ዳቦ ቤት ስሠራ 14 ዓመቴ ነው፣ የሆነውን ልንገርሽ። ሊጡ እጅሽ ላይ ሲጣበቅ ጊዜ ዱቄት ጨምረሻል፣ አይደል? ሁሉም ሰው እዚያ ላይ ነው የሚሳሳተው። ያ ሊጥ መጣበቅ አለበት። እጅሽን በዱቄት ሳይሆን በውሃ አርጥቢ። ደረቅ ሊጥ መጥበሻም ላይ ግድግዳም ላይ አይጣበቅም፣ ቢበስልም አይታጠፍም።

ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። እኛ ዳቦ ቤቶች ይህን ዳቦ የማንጋግረው ስለማንፈልግ አይደለም። የእኛ መጋገሪያ በ220 እና በ250 ዲግሪ መካከል ነው የሚሠራው። ተኑር ግድግዳው ከ350 ዲግሪ ይበልጣል። እዚያ ዳቦው በአንድ፣ ቢበዛ በሁለት ደቂቃ ይበስላል፤ ውስጡ ያለው ውሃ ለመትነን ጊዜ ሳያገኝ ዳቦው ይወጣል፣ ልስላሴው ከዚያ ነው። እኔ ጋ እስኪበስል 8 ደቂቃ ይፈልጋል፤ በ8 ደቂቃ እንዲህ ስስ የሆነ ሊጥ ብስኩት ይሆናል። ሞክሬዋለሁ፣ ሁለት ትሪ ሙሉ ጥዬአለሁ።

ሦስተኛው ንግዱ ነው። ፉርኖ አንድ ጊዜ በመቶዎች ታስገቢና ታወጪያለሽ። ይህን አንድ ሰው አንድ በአንድ በእጁ ያጣብቃል፣ በዚያው ቀን ካልተሸጠ ይጣላል። በሱፐርማርኬት የታሸገው ለምን እንደተሰበረብሽ አሁን ይገባሻል። ዳቦ የሚደርቀው ውሃው ስለሚተን ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ያለው ስታርች ሲቀዘቅዝ መልሶ እየጠጠረ ስለሚሄድ ነው። ፍሪጅ ደግሞ ይህን ያፋጥነዋል። ስለዚህ ስታገኚው ፍሪጅ ውስጥ እንዳታስገቢው። የዕለቱን በጨርቅ፣ የሚቀረውን እንደቀዘቀዘ ፍሪዘር ውስጥ።

አንድ ነገር ከጅዳ እህታችን ላይ ላርም። 10 ግራም እርሾ ለደሴ ይበዛል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ሊጡ ውስጥ ያለው አየር ይበልጥ ይለጠጣል። 5 ግራም ይበቃል።

ከጅዳ
ዓርብ፣ ማታ 3፡05

ወንድሜ፣ ሙያህን አከብራለሁ፣ ግን ለእረፍት መጥቼ ደሴ እህቴ ቤት በክረምት ሠርቼዋለሁ። በ10 ግራም እንኳ በሦስት ሰዓት ኩፍ አላለም። የደሴን ብርድ ረሳኸው እንዴ?

ዳቦ_ጋጋሪ_ኮምቦልቻ
ዓርብ፣ ማታ 3፡18

አልረሳሁትም፣ ልክ ነሽ፤ እኔ ያለሁት ከደሴ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፣ ሊጥ ቶሎ ይነሣልኛል። ግን መፍትሔው እርሾ መጨመር አይደለም፣ ጊዜ መጨመር ነው። እርሾ ሲበዛ ዳቦው የእርሾ ሽታ ያመጣል፣ በማግሥቱም ይፈረፈራል። ማታ በ5 ግራም ታቡካው፣ ሌሊቱን ትሸፍነው፣ ጠዋት ትጋግር። ጣዕሙም ያምርላታል።

ከጅዳ
ዓርብ፣ ማታ 3፡24

ይህስ ያስማማናል። አብሽሪ እህቴ፣ የመጀመሪያው የማንም አይሳካም።

ብርብሬ_ወንዝ_ዳር
ቅዳሜ፣ ጠዋት 4፡30

ክሩን አሁን ነው ያየሁት። እናቴ ኮምቦልቻ ውስጥ ይህን ዳቦ ትጋግራለች።

ሱቅ የላትም፤ በረመዳን ለጎረቤትና ለሚያዝዛት ብቻ ነው። ልጅ ሆና ደሴ ከአንድ የየመን ቤተሰብ ጋር በአንድ ግቢ ነው ያደገችው፣ ሴትዮዋ ናት ያስተማረቻት። ቂጡ የተሸነቆረ ጋን ገዝታ ግማሹን ጓሯችን ውስጥ ቀበረችው፣ ዙሪያውን ጭቃና ጭድ ለሰነችበት፣ ከሥር ለአየር ቀዳዳ ተወችለት። አዲስ ጋን ወዲያው በኃይል ካነደዱበት ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እሳት ነው ያለማመደችው። ያም ሆኖ የመጀመሪያው ጋን ተሰንጥቋል፣ ይሄ ሁለተኛው ነው።

በውስጥ መስመር ስልክ ልኬልሻለሁ። ለአባትሽ መሆኑን ስነግራት «ረመዳን እስኪገባ ምን ያስጠብቃታል፣ ነገ ትምጣ» ብላለች።

ጦሳ_ግርጌ
እሑድ፣ ማታ 2፡20

ሄጄ መጣሁ። ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም።

ገና ግቢው በር ላይ ሽታው ተቀበለኝ፤ እግሬ ቆመ። እናትየው እጃቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ሊጡን ከአንዱ መዳፍ ወደ ሌላው እያሳለፉ ይዘረጉታል። መዳመጫ የለም። ፍሙ ላይ አጎንብሰው አጣበቁት፤ «ቢስሚላህ» ብለው ሳይጨርሱ ሲያብጥ አየሁት። የመጀመሪያውን ለእኔ ሰጡኝ። ጠርዙን ዙሪያውን ቆርሼ በላሁት፣ እንደ ልጅነቴ። እሱ ነው። ያለ ጥርጥር እሱ ነው።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። 12 ገዝቼ (ገንዘብ አልቀበልም ብለውኝ ነበር፣ በግድ ነው የሰጠሁት) ትኩሱን ፌስታል ውስጥ ከትቼ አፉን አሰርኩት። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆየ፣ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ደግሞ ከፊታችን የቆመ መኪና ነበረና መንገዱ ተዘጋ። ቤት ስደርስ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ዳቦው እርስ በርሱ ተጣብቋል። አባዬ ሦስቱን ለይቶ በላ፤ «ጣዕሙ እሱ ነው፣ ገላው ግን አይደለም» አለኝ።

የሐይቅ_እናት
ሰኞ፣ ጠዋት 3፡00

ልጄ፣ ትኩስ ዳቦ በላስቲክ አይታሰርም። በመጀመሪያ ሰፌድ ላይ ነጠል ነጠል አድርገሽ እንፋሎቱ ይውጣ፣ እጅ ሲችለው ደርድረሽ በንጹሕ ነጠላ ጠቅልይው። ያኔ ባለሱቁ በነጭ ጨርቅ ይሸፍነው የነበረው ለዚህ ነው። የራሱ ሙቀት ያለሰልሰዋል፣ ጨርቁ ደግሞ ላቡን ይጠጣል።

ብርብሬ_ወንዝ_ዳር
ሰኞ፣ ጠዋት 3፡35

እናቴም ልክ ይህንኑ ነው ያለችው። «ልጅቷ ስትሮጥ አፍሬ ዝም አልኩ» አለች። ሐሙስ ለራሳችን ስለምትጋግር መሶብ ይዘሽ ነይ፣ የመሶቡን ውስጥ ነጠላ አልብሺው።

ጦሳ_ግርጌ
ሐሙስ፣ ማታ 2፡50

ሰፌድ፣ ነጠላ፣ መሶብ፤ የተባልኩትን ሁሉ አደረግኩ። ሚኒባስ ውስጥ መሶቡን ጭኔ ላይ አድርጌ ስወጣ አጠገቤ የተቀመጡ አባት «ሠርግ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አንዱን ሰጠኋቸው፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፣ ለልጃቸው ልጅ መሆኑ ነው።

አባዬ መሶቡ ሲከፈት ምንም አልተናገረም። አንዱን አንሥቶ ገለበጠው፣ ጀርባውን በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ አጠፈው፣ አልተሰበረም። ከሹርባው ጋር ሁለት ሙሉ በላ። ሲጨርስ «አሸዋውስ?» አለኝ።

ብርብሬ_ወንዝ_ዳር
ሐሙስ፣ ማታ 3፡10

ይህን ለእናቴ አነበብኩላት፤ እያለቀሰች ነው የሳቀችው። «ጋኑ ገና አዲስ ነው፣ ግድግዳው መርገፍ ሲጀምር እሱም ይመጣል በያቸው» ብላለች። ረመዳን ሲገባ ማክሰኞና ዓርብ ስድስት ስድስት ትለይልሻለች።

ሚሌ_መስመር
ሐሙስ፣ ማታ 4፡00

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ባዶዬን የምወጣባቸው ቀናት አሉ። መሶቡን ላድርስ፣ ፒያሳ ላይ ትቀበይኛለሽ። ይህችን 25 ኪሎ ሜትር ዳቦው ይችላታል።

ሸዋበር_ነዋሪ
ዓርብ፣ ጠዋት 2፡45

እኔም ጓሮ አለኝ። ጋን የት ነው የሚገዛው? ደሴ ሰኞ ገበያ አሁንም ሸክላ ሻጮቹ አሉ?

የሐይቅ_እናት
ዓርብ፣ ጠዋት 4፡10

አሉ ልጄ። በጠዋት ሂድ። ስትገዛ በጣትህ ቆርቁረው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠህ ውስጡ ስንጥቅ አለውና ተወው። ቂጡን ራስህ እንዳትሸነቁረው፣ ሻጯ ታውቅበታለች፣ እሷ ትሸንቁርልህ።